ሜክሲኮ የሞላ!

እንዴት ከረማችሁ ወገን?

ይቺን ሰላምታ ለአፍ ያህል የወረወርናት እንዳይመስላችሁ። መክረምና ክረምት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አበሻ ጓደኛውን ሲያገኝ «እንዴት ከረምክ?» የሚለው፣ «ያን ሁሉ ዝናብና ጭቃ በምን ተአምር አለፍከው?» ለማለት ነው። ከሐምሌ በሕይወት የወጣ ሰው ሌላ ምን ይጠየቃል?

ፈረንጆቹ ክረምት የሚሉት ታኅሣሥንና ጥርን ነው። በእነ ጄኖቫና በእነ ናፖሊ፣ በጣሊያን የወደብ ከተሞች፣ ክረምት ማለት ባሕሩ የሚቆጣበት፣ ሰውም ካፌ ገብቶ መስኮት የሚያይበት ወቅት ነው። እኛ ባሕር የለንም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን እኛ ወደ ባሕሩ ባንሄድ እሱ ራሱ ከላይ ይወርድልናል። የቀረው ነገር ያው ነው። እኛም ካፌ ገብተን እንጠቀለላለን። እኛም ላብ ያለበሰውን መስታወት በእጃችን ጠርገን መንገዱን እናያለን። የምንጠጣው ነገር ስም እንኳን ጣሊያንኛ ነው!

እኛ ሦስት ጓደኛሞች የከረምነው በሜክሲኮና በካዛንቺስ መካከል ነው። የታክሲው ሰልፍ ሲረዝምብን በእግር፣ ዝናቡ ሲበረታብን በታክሲ፣ ሁለቱም ሲሰለቹን በየበረንዳው ተጠልለን። ያየነውንና የሰማነውን እናውጋችሁ።

የወያላው ጂኦግራፊ

በአዲስ አበባ ከወያላ የበለጠ የታሪክ መምህር የለም። ችግሩ፣ እሱም እያስተማረ መሆኑን አያውቅም፤ እኛም እየተማርን መሆኑን አናውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ የሞላ!» ይላል። (የሞላ የተባለ ታክሲ ውስጥ ስትገቡ ሹፌሩ ብቻውን ነው። ይሄንን እንኳን ታውቁታላችሁ።) ቪዛ የለ፣ ፓስፖርት የለ፣ በጥቂት ብር ሜክሲኮ ያወርዳችኋል። ከጎኑ የቆመው ደግሞ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ አንድ ሰው!» ይላል። እነዚህ ሁለት ጩኸቶች የአንድ ጦርነት ሁለት ምዕራፎች መሆናቸውን ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

ከመጀመሪያው እንጀምር። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። ዓለምም ቀስ በቀስ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» እያለ ወረራውን ተቀበለው። እንግሊዝና ፈረንሳይ እንኳን አልቀሩም። እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ፣ በፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ ነበረች። ከእኛ ጋር ወሰን የላት፣ ዝምድና የላት፣ ከእኛ የምታገኘው ጥቅም የላት። ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆማ ወረራን አልቀበልም አለች፤ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሜክሲኮን ጎበኙ። ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ የሚባል አደባባይ አለን። የእነሱ አደባባይ እ.ኤ.አ. በ1980 የምድር ባቡር ጣቢያ ተከፈተበት፤ የጣቢያው ምልክትም የአንበሳ ራስ ነው። የእኛው ሜክሲኮም በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ጣቢያ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፦ እዚያ ማዶ አንድ የማናውቀው ሰው በየማለዳው ጋዜጣውን አጥፎ «ኢትዮጵያ ላይ ወራጅ ነኝ» ይላል። እዚህ እኛ «ሜክሲኮ ወራጅ አለ!» እንላለን። ሁለታችንም ለምን እንደሆነ አናስብም። ውለታ ዕድሜ የሚያገኘው እንዲህ ሳይታሰብ በሰው አፍ ሲመላለስ ይመስለናል።

በክረምት ወደ ሜክሲኮ ከመጣችሁ ደግሞ የባቡሩ ድልድይ ትልቁ ጥቅም ባቡር ማሳለፉ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ፤ ዝናብ ማስጠለሉ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ሁሉ ከሥሩ ይገባል። ባለከረባቱ፣ ተማሪው፣ ነጠላዋን በፌስታል የሸፈነችው እናት፣ በቆሎ ጠባሿ ከነከሰሏ። ጃንጥላ ሻጮችም ከየት እንደሚመጡ ሳይታወቅ ይፈልቃሉ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ዋጋው ይወጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይወርዳል። አገራችን የአክሲዮን ገበያ የከፈተችው በ2017 ዓ.ም ነው አሉ። የሜክሲኮ ጃንጥላ ሻጮች ይሄን ሲሰሙ የሚስቁ ይመስለናል።

ማኪያቶ ሱሪ

ከድልድዩ ሥር ወጥተን አስፋልቱን ስንሻገር አንድ ሚኒባስ ኩሬውን ሰንጥቆ አለፈ። ከመካከላችን አንዱ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ጣሊያንኛ የሞካከረው ጓደኛችን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ «ማኪያቶ ሆንክ!» አለው። ለካስ ማኪያቶ ማለት በጣሊያንኛ «ነጠብጣብ የነካው፣ የቆሸሸ» ማለት ነው። ቡናው ስሙን ያገኘው ጥቂት ወተት ጠብ ስላለበት ነው። እኛ ዘንድ ወተቱ በዛና ቡናው ነጠብጣብ ሆነ እንጂ!

ማኪያቶ የሆነ ሰው የሚሄደው ወደ ሊስትሮ ነው። በክረምት የሊስትሮ ሥራ ቀለም መቀባት ሳይሆን ማጠብ ነው። ጫማው ከጭቃው ተፈልጎ መገኘት አለበት። አንድ ልጅ ላስቲክ ወጥሮ ከሥሩ ተቀምጦ አገኘነው።

«ጋሼ፣ ይታጠብ?» አለን። (ጋሼ! ሃያዎቹን ሳንጨርስ!)

እግራችንን ሰጥተን ወሬ ጀመርን። «ሊስትሮ ማለት ምን ማለት ነው?» አልነው።

ቀና ብሎ አየን። ጥያቄው ገርሞት «እኔ ነኛ!» አለ።

ሳቅን፤ ግን መልሱ ከመዝገበ ቃላቱ ይበልጣል። ሉስትሮ በጣሊያንኛ ማንጸባረቅ፣ ማብረቅረቅ ነው። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ እዚህ ሲደርስ ግን አንድ ብሩሽ፣ አንድ ሳጥንና ገንዘብ ለቤተሰቡ የሚልክ ልጅ ሆነ። ባለቤት ያገኘ ቃል ትርጉሙን የሚያወጣው ከባለቤቱ ነው።

የጋራዥ አማርኛ

ከሜክሲኮ ወደ ቂርቆስ ወረድ ስትሉ ፖፖላሬ የሚባል ሰፈር አለ። እሱም ጣሊያንኛ ነው፤ ካዜ ፖፖላሪ፣ «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው የመጣ። እዚያ አካባቢ ዝናብ አስገድዶን አንድ ጋራዥ ውስጥ ተጠለልን። የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኞቻቸው ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኛም ጋሼ አልናቸው። መኪና ሥር ገብተው እጃቸውን ብቻ ያወጣሉ፤ ልጁ የጠየቁትን ያቀብላቸዋል።

«ካቻቢቴ!»
«እንካ ጋሼ።»
«ፒንሳ! ... ብሎኗ የት ገባች?»

በሩብ ሰዓት ውስጥ የሰማነውን ብንቆጥር፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ፖርቶመጋላ። ከአጥር ውጭ ደግሞ «ጎሚስታ» የሚል በጎማ ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ፤ ከእሱ ቀጥሎ «ላቫጆ»። ፍሬቻ ማለት ቀስት ነው። ማርሚታ ደግሞ ሌላው ትርጉሙ ድስት ነው! የአዲስ አበባ መኪና ሁሉ ጭሱን የሚተነፍሰው በድስት ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ጣሊያንኛ ይችላሉ እንዴ?» አልናቸው።

ከመኪናው ሥር ድምፃቸው መጣ፦ «ጣሊያንኛ? ኧረ እኔ አንድም ቃል አላውቅ። ይሄ የጋራዥ አማርኛ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1885 ምጽዋ ወደብ ላይ ሲያርፉ ከመርከባቸው ያወረዱት ወታደርና መድፍ ነበር። ወታደሩም ሄደ፣ መድፉም ሄደ፤ ካቻቢቴው ቀረ። ሰው የሚያስቀረው የሚጠቅመውን ነው።

ነገሩ ግን አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ እነሱም ከእኛ አንድ ቃል ወስደዋል። ጣሊያን አገር ነገሩ ሁሉ ሲዘበራረቅ፣ ቤቱ ሲተረማመስ «አምባራዳን» ይሉታል። ቃሉ የመጣው ትግራይ ውስጥ ካለው አምባ አራዶም ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1936 በዚያ ተራራ ላይ ትልቅ ውጊያ ተደርጓል፤ ጣሊያን የመርዝ ጋዝም ተጠቅሟል። ዛሬ አንዲት የሮም እናት ልጇን «ይሄ ምን አምባራዳን ነው፣ ክፍልህን አስተካክል!» ስትለው ስለዚያ ተራራ አታስብም። እኛ ከእነሱ ቃል ወስደን እንጀራ በላንበት፤ እነሱ ከእኛ ተራራ ወስደው ለልጅ ቁጣ አደረጉት። ማን አተረፈ የሚለውን ለእናንተ ትተነዋል።

ወደቧ ለገሃር

ባሕር የለንም አልን እንጂ አዲስ አበባ ወደብ አልነበራትም አላልንም። ወደቧ ለገሃር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስሙም የፈረንሳይኛው ላ ጋር፣ «ጣቢያው» ነው። ዕቃውም፣ እንግዳውም፣ ወሬውም ከባሕር የሚመጣው በዚህ በር ነበር። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚነሣው ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ነው። ለገሃር ባቡሩ ሄዶበት ስሙን ይዞ ቀርቷል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ብዙዎቻችን የምናውቀው ለቀጠሮ ነው፤ «አንበሳው ጋ ጠብቂኝ»። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በ1923 ዓ.ም የቆመ ነው። ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ የወሰዱት ደግሞ ዝም ብለው አይደለም። ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም ምጽዋ አጠገብ፣ ዶጋሊ ላይ፣ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። አንበሳውን ለእነሱ በቆመው ሐውልት ሥር አሳረፉት። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1938 ጎራዴውን የመዘዘው በዚያ ሐውልት አጠገብ ነው። አንበሳው በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዘርዓይ ግን በእስር እንዳለ ጣሊያን ውስጥ ሞተ።

የሮም ተሳፋሪም በየማለዳው ሻንጣውን እየጎተተ በአምስት መቶዎቹ ላይ ያልፋል፤ «አምስት መቶ ምን?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይመስለንም። ወያላ ቢኖራቸው እሱም ዝም ብሎ ይጮኽ ነበር።

ከለገሃር በስታዲየም አድርገን፣ መስቀል አደባባይን አቋርጠን ወደ ላይ ወጣን። አፍሪካ አዳራሽ ጋ ስንደርስ ዝናቡ አባራ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚህ ነው። በውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ፤ ርዕሱም የአፍሪካ ነጻነት ነው። የሕንፃው ንድፍ ግን የማን ነው? የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ! ታሪክ ቀልድ ያውቃል። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፍን።

ካዛንቺስ አንድ ሰው

አሁን ወደ ሁለተኛው ጩኸት መጣን። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ በእነሱ ፊደል ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ» ነው። ቤቶቹ ደግሞ «ካዜ ኢንቺስ»። በወረራው ዘመን ለሹማምንቱ እዚህ ቤት ሠራላቸው፤ የአዲስ አበባ ሰውም ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ቀቅሎ ካዛንቺስ አላት። በእኛ አማርኛ እንተርጉማት ብንል «ኪራይ ቤቶች» እንደማለት ነው። ዘፈን የተዘፈነላት፣ ፍቅር የተያዘባት፣ ሌሊቷ እንደ ቀን ይቆጠር የነበረችው ካዛንቺስ፣ ስሟ የቢሮ ማኅተም ነው!

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ከከተማዋ ወጣ፤ ሰፈሩ ሰው እየገባበት፣ በቤቶቹ መካከል ቤት እየተቀጠለ አደገ። ከዚያ በ1967 ዓ.ም ሐምሌ ላይ (ክረምት ነበር!) አዋጅ ቁጥር 47 መጣና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች። ስለዚህ ካዛንቺስ ሳታስበው ወደ ስሟ ትርጉም ተመለሰች ማለት ነው፤ የመንግሥት ቤቶች። ቤቱ ለሁለት ለሦስት ተከፈለ፤ ሳሎኑ የአንዱ ቤተሰብ መኖሪያ፣ ጓዳው የሌላው ሆነ። ሰርክ ቡና የሚጠራሩ፣ በአንድ ቧንቧ የሚጣሉ፣ በአንድ ዕድር የሚቀበሩ ሰዎች ሰፈር ሆነች። ማኅተሙን ሰፈር ያደረጉት እነሱ ናቸው።

በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈረሰች። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ፣ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮች ሄደ። የአዝማሪው ቤት ፈንዲቃም ቦታውን ለቀቀ። እኛ በዚህ ክረምት ያየናት ካዛንቺስ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ መብራትና ብዙ ሰማይ ያላት ናት። መንገዱ ያምራል፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ጭቃው ቀንሷል፤ ማኪያቶ የመሆን ዕድላችሁም እንደዚያው።

ከመንገዱ ገባ ብሎ አንዲት እናት ጀበና ጥደው አገኘናቸው። ቡና ጠጣን። ዝናቡ ተመልሶ መጣ፤ በአንድ ትልቅ ጃንጥላ ሥር አራት ሰው ሆንን።

«እማማ፣ እዚሁ ነው የሚኖሩት?»

«ያለሁት ገላን ጉራ ነው ልጆቼ» አሉ። «ሰፈሬ ካዛንቺስ ነው።»

ልብ በሉ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ያለሁበትና ሰፈሬ።

ቤቱ እንዴት ነው ስንላቸው አላማረሩም። «ቤቱስ እግዜር ይስጥልኝ ነው። ውኃው ከነቧንቧው ቤቴ ውስጥ ነው። እዚህ እኮ ሽንት ቤቱ የስድስት አባወራ ነበር፤ በክረምት ሌሊት በጭቃ ነበር የምንሄደው።» ሲኒውን አጠቡ፤ ደረደሩ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርገው፦ «የተበተንነው ግን በየቦታው ነው። ዕድራችንም እንደዚያው። አሁን አንዷ ጎረቤቴ ብትሞት ማን ይነግረኛል?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ቡናችንን ጠጣን።

ማታ ወደ ሜክሲኮ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ያወራነው ይሄንኑ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ካዛንቺስ እኮ የወራሪ ስም ነው፤ ሰፈሩ አብሮ ቢቀየር ምን ይጎዳል?» አለ። ሌላው የሊስትሮውን መልስ አስታወሰው፤ «እኔ ነኛ!» ሊስትሮ የጣሊያን ቃል አይደለም፤ የልጁ ነው። ካቻቢቴ የጋራዡ ጋሼ ነው። ካዛንቺስም ከ1933 ዓ.ም በኋላ የጣሊያን አልነበረችም፤ ቡናዋን የምታፈላው እናት ናት። ስሙን ከወራሪው የነጠቀው አርበኛ ብቻ አይደለም፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት እዚያው የኖረ፣ የወለደ፣ የተጣላና የታረቀ ሰው ጭምር ነው።

ታዲያ የምንፈራው ስሙ ይጠፋል ብለን አይደለም። ስም አይጠፋም፤ ለገሃር ያለ ባቡር ይኸው አለ። ወያላው ነገም «ካዛንቺስ!» ይላል። የምንፈራው እንደ ሮሙ አምስት መቶ እንዳይሆን ነው፦ ሰው ሁሉ የሚረግጠው፣ ማንም «ምን?» ብሎ የማይጠይቀው። ሜክሲኮ የአንድ ሩቅ አገር ውለታ መሆኗን ያወቅነው አንድ ሰው ስለነገረን ነው። ካዛንቺስ የማን ውለታ እንደነበረች የሚነግሩን ሰዎች ግን አሁን በየዳርቻው ተበትነው ማን ይነግረኛል እያሉ ነው።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ። ከእናንተ መካከል የካዛንቺስ፣ የፖፖላሬ፣ የለገሃር ልጅ ካለ፣ የድሮ ጎረቤቶቹን ስልክ ይሰብስብ። ዕድሩ መዝገብ ካለው ስሞቹን ይገልብጥ። ታሪክ እንጻፍ ምናምን እያልን አይደለም፤ እሱ ይደርሳል። እኚያ እናት ጎረቤታቸው ስትሞት እንዲሰሙ ብቻ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር እንሂድ። «ቻው» ልንላችሁ ነበር፤ ግን እሱንም ጠይቀን አወቅነው። ከቬኒስ፣ ከአንዷ የጣሊያን የወደብ ከተማ የመጣ ቃል ነው፤ በጥንት ትርጉሙ «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነው። ሊገዙን መጥተው ማታ ማታ ስንለያይ የምንባባለውን ይቺን ትተውልን ሄዱ!

ምን ይደረግ፣ የኛ ሆናለች። ቻው!